የፕራደር-ዊሊ ሲንድሮም ያለበትን ልጅ የሚያሳድጉ ወላጆች ጭንቀት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ጥያቄዎቹ ወላጆች በስልክም ሆነ በሐኪም ቤት ወረፋ ላይ እርስ በርስ የምንጠያየቃቸው ናቸው፤ የመለስኩትም እንደ ሐኪም ሳይሆን ይህ ሕመም ያለበትን ልጅ እንደምታሳድግ እናት ነው።

ፕራደር-ዊሊ ሲንድሮም ምንድን ነው?

ከ15ኛው ክሮሞሶም ጋር የተያያዘ፣ አብሮ የሚወለድ የዘረመል ሕመም ነው። ማንኛውም ልጅ አንድ 15ኛ ክሮሞሶም ከአባቱ፣ አንድ ደግሞ ከእናቱ ይወርሳል። በዚህ ክሮሞሶም አንድ ክፍል ላይ ያሉ የተወሰኑ ዘረመሎች ግን ከአባት የመጡት ብቻ የሚሠሩ፣ ከእናት የመጡት ደግሞ በተፈጥሯቸው የተዘጉ ናቸው፤ ስለዚህ የአባትየው ድርሻ ከጎደለ ወይም ካልሠራ የሚተካው የለም። ሕመሙን እ.ኤ.አ. በ1956 የገለጹት በስዊዘርላንድ ዙሪክ ይሠሩ የነበሩት ሐኪሞች አንድሬያ ፕራደር፣ አሌክሲስ ላብሃርትና ሃይንሪክ ዊሊ ሲሆኑ፣ ከ15,000 እስከ 25,000 ከሚሆኑ ሕፃናት በአንዱ ላይ እንደሚከሰት ይገመታል።

ለወላጅ ከሁሉም የሚከብደው ሃይፖታላመስ ከሚባለው የአንጎል ክፍል ጋር የተያያዘው ችግር ነው። ረሃብንና ጥጋብን፣ የሰውነት ሙቀትን፣ እንቅልፍንና በርካታ ሆርሞኖችን የሚቆጣጠረው ይህ ክፍል በትክክል ስለማይሠራ፣ ልጁ የቱንም ያህል ቢበላ የጥጋብ ስሜት አይደርሰውም። ከዚህ ጎን ለጎን የጡንቻ መላላት፣ የቁመት ማጠር፣ ቀለል ያለ ወይም መካከለኛ የአእምሮ እድገት ውስንነት፣ በቀላሉ የሚነሳ ቁጣ፣ ቆዳን እስኪቆስል መቧጨር፣ የአከርካሪ አጥንት መጣመምና በእንቅልፍ ላይ የትንፋሽ መቋረጥ ይታያሉ።

ሕፃን ሳለ ጡት መሳብ ያቃተው ልጅ እንዴት ኋላ የማይጠግብ ይሆናል?

ሕመሙ ከዕድሜ ጋር መልኩን ስለሚቀይር ነው። ልጁ ሲወለድ ሰውነቱ የላላ፣ ልቅሶው የማይሰማ፣ ጡት ለመሳብ አቅም የሌለው ነው፤ ብዙዎቹም የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት በአፍንጫ በሚገባ ቱቦ ይመገባሉ። ከዚያ ቀስ በቀስ ይጠነክርና እንደ እኩዮቹ መብላት ይጀምራል። ሁለት ዓመት ካለፈው በኋላ የሚበላው ሳይጨምር ክብደቱ ይጨምራል፤ ከአራትና ከአምስት ዓመት ወዲያ ሐሳቡ ሁሉ ወደ ምግብ ማዘንበል ይጀምራል፤ ማብቂያ የሌለው ረሃብ ሙሉ በሙሉ የሚገለጠው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በስምንት ዓመት አካባቢ ነው። ዕድሜው ከልጅ ልጅ ስለሚለያይ የጎረቤትን ልጅ አይቶ መተንበይ አይቻልም።

የወላጅን ልብ ሁለት ጊዜ የሚሰብረው ይህ ቅደም ተከተል ነው። ልጄ በሁለት ዓመቱ እንጀራ በራሱ እጅ ቆርሶ የጎረሰ ዕለት እናቴ እልል ብላ ነበር። ያንን እልልታ ያሰማች ሴት ከጥቂት ዓመታት በኋላ በዚያው ልጅ ላይ መሶብ እንድትቆልፍ መጠየቅ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ያየው ያውቀዋል።

በእኔ ጥፋት የመጣ ነው? የሚቀጥለው ልጅስ?

አይደለም። ከመቶ ከ65 እስከ 70 በሚሆኑት ልጆች ላይ የተከሰተው ከአባት የተወረሰው ክሮሞሶም ቁራጭ መጉደል ነው፤ ይህም የሚሆነው በአጋጣሚ ነው። ከመቶ ከ25 እስከ 30 የሚሆኑት ደግሞ ሁለቱንም 15ኛ ክሮሞሶሞች ከእናታቸው የወረሱ ናቸው። በእርግዝና ጊዜ የጾመች፣ የተናደደች፣ ከባድ ዕቃ ያነሳች ወይም «ዓይን የበላት» እናት ይህን ልታመጣ አትችልም፤ አባትየው ስለጠጣ ወይም ስላጨሰ የመጣም አይደለም። «ከአባት የጎደለ» የሚለው የሐኪም አነጋገር በአንዳንድ ቤት ለክስ ሲውል ስለ ሰማሁ አጥብቄ እላለሁ፦ አነጋገሩ ክሮሞሶሙ ከየት እንደመጣ ይናገራል እንጂ ጥፋተኛን አይጠቁምም።

ሕመሙ ሜቲሌሽን በሚባል፣ ዘረመሎቹ የሚሠሩ ወይም የተዘጉ መሆናቸውን በሚያሳይ የደም ምርመራ ከመቶ ከ99 በላይ በሆነ አስተማማኝነት ይታወቃል፤ ከየትኛው ዓይነት እንደሆነ ለመለየት ግን ተጨማሪ ምርመራ ያስፈልጋል። ከላይ በተጠቀሱት ሁለት ዓይነቶች ሕመሙ በሚቀጥለው ልጅ ላይ የመደገሙ ዕድል ባብዛኛው ከመቶ ከአንድ ያነሰ ነው። በጣም ጥቂት በሆኑ ቤተሰቦች ግን አባት ሳያውቀው የሚሸከመው ለውጥ ስለሚኖር ዕድሉ እስከ ግማሽ ሊደርስ ይችላል። ሌላ ልጅ ከማሰብዎ በፊት የዘረመል አማካሪ የሚያነጋግሩት ለዚህ ነው።

የእኛ ጭንቀት ከሌላው ወላጅ ጭንቀት በምን ይለያል?

ጥበቃው ማብቂያ የለውም። ሌላ ወላጅ ልጁን ከእሳትና ከመኪና ይጠብቃል፤ ልጁም ሲያድግ ጥበቃው ይቀንሳል። እኛ የምንጠብቀው ከምግብ ነው፤ ምግብ ደግሞ የማይገኝበት ቤት፣ ትምህርት ቤት፣ ቤተ ክርስቲያን፣ ሱቅና ሐዘን ቤት የለም። ልጁ ሲያድግ ብልሃቱ፣ ቁመቱና ጉልበቱ አብረው ስለሚያድጉ ጥበቃው ይከብዳል እንጂ አይቀልም። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ የስኳር ቆርቆሮ ክዳን ከፈት ሲል የሚሰማው ድምፅ ለማንም ምንም አይደለም፤ እኔን ግን ሁለት ክፍል አልፎ ከእንቅልፌ ያነቃኛል፤ ክዳኑ ባልተከፈተባቸው ሌሊቶችም እነቃለሁ።

እ.ኤ.አ. በ2018 በአሜሪካ የታተመ አንድ ጥናት የተንከባካቢዎችን ሸክም በሚለካ መጠይቅ ተጠቅሞ የፕራደር-ዊሊ ልጆች ወላጆች ሸክም ከፍተኛ እንደሆነ፣ በተለይም ልጆቹ በጉርምስናና በወጣትነት ዕድሜ ላይ ሳሉ እንደሚበረታ አሳይቷል። ወላጆቹ እንቅልፋቸው፣ ሥራቸው፣ ስሜታቸውና የትዳር ግንኙነታቸው መጎዳቱን ተናግረዋል። ይህን የምጠቅሰው «ሌላው ሰው ይችለዋል፣ እኔ ብቻ ደከምኩ» ለምትል እናት ነው፤ ሌላውም አልቻለውም።

ጓዳ መቆለፍ ጭካኔ አይደለምን?

ይህ ጥያቄ ከአማቶችም፣ ከጎረቤትም፣ ከራሳችንም ልብ ይመጣል። ምግብ መከልከል በባህላችን ከክፋት ሁሉ የከፋ ስለሆነ፣ የማቀዝቀዣውን ቁልፍ ከማተቧ ጋር አንገቷ ላይ ያሰረች እናት ቤቷ እንግዳ ሲመጣ ቁልፉን በነጠላዋ ትሸፍናለች። እኔም ሸፍኛለሁ።

ይሁን እንጂ መቆለፍ ልጁን አያስርበውም፤ ቁርሱን፣ ምሳውን፣ መክሰሱንና እራቱን በሰዓቱ ያገኛል። የሚቀርለት ነገር ትግሉ ነው። በዚህ ሕመም ላይ የሚሠሩ ባለሙያዎች ሦስት ነገር ይመክራሉ፦ ምግብ መቼና ምን ያህል እንደሚመጣ ልጁ እንዳይጠራጠር፣ ከዚያ ውጭ አገኛለሁ ብሎ ተስፋ እንዳያደርግ፣ የተነገረውም እንዳይቀርበትና እንዳያዝን። በር ክፍት ሲሆን ልጁ ቀኑን ሙሉ «አሁን ልግባ? ማን አለ?» እያለ ይባክናል። ሲቆለፍ ግን ሐሳቡ ያርፋል፤ ብዙ ወላጆችም ከቆለፉ በኋላ ልጃቸው መጫወትና መማር እንደቻለ ይናገራሉ።

አፈጻጸሙ እንደየቤቱ ይለያያል። መሶቡን ከሳሎን ማንሳት፣ ቆሎና ዳቦ ቆሎ በሚታይ ቦታ አለማስቀመጥ፣ የቆሻሻ ቅርጫቱን አብሮ መቆለፍ፣ የእንግዳን ቦርሳ ከልጁ እጅ ማራቅ ከቁልፍ እኩል ይሠራሉ። የሚቆለፈው ምግቡ ነው፤ ልጁን ክፍል ውስጥ መቆለፍም ሆነ የመውጫ በርን መዝጋት በፍጹም ተገቢ አይደለም። በአንድ ግቢ ብዙ አባወራ በሚኖርበት ሰፈር የአንድ ቤት ቁልፍ ብቻውን ዋጋ ስለሌለው ጎረቤቶች ምክንያቱን ማወቅ አለባቸው።

ዘመዶቻችን በድብቅ ያጎርሱታል። እንዴት እንንገራቸው?

ከጥያቄዎቹ ሁሉ ብዙ የሚያወያየን ይህ ነው፤ እንደ እኔ አስተያየት የሐበሻ ወላጅ ጭንቀት ከሌላው አገር ወላጅ የሚለየውም እዚህ ላይ ነው። በእኛ ዘንድ ፍቅር በእጅ ይጎረሳል። «አንድ ጉርሻ ያጣላል» ተብሎ ሁለተኛውና ሦስተኛው ይከተላል፤ «እምቢ» ያለ ደግሞ ያስቀይማል። አያት ከነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ያመጣችውን ድፎ ዳቦ ከበር ኋላ ስትሰጠው በልጇ ላይ እያሤረች አይደለም፤ የራበውን ልጅ አይታ አንጀቷ አልችል ብሎ ነው። ከእሷ ጋር መጨቃጨቅ አይጠቅምም፤ ማስረዳት ግን ይጠቅማል።

«የዘረመል ሕመም ነው» ማለት ለብዙዎች ምንም አይነግራቸውም። የስኳር ሕመምን ግን ሁሉም ያውቀዋል፦ «እማዬ፣ የስኳር ሕመምተኛ ላለበት ቤት ማር ይዘሽ አትሄጂም አይደል? የዚህ ልጅ ደግሞ ምግቡ ሁሉ እንደዚያው ነው። ርቦኛል ሲልሽ አልዋሸሽም፤ ግን ብታጎርሺውም ረሃቡ አይለቀውም፤ ጉዳቱ ብቻ ይጨምራል» ማለት ይቻላል። አደጋውንም ሳይሸፍኑ መናገር ይገባል። እነዚህ ልጆች የሕመም ስሜታቸው ደካማ ነው፤ ማስመለስም በቀላሉ አይችሉም። ስለዚህ በአንድ ግብዣ ላይ ያለልክ የበላ ልጅ ጨጓራው እስከ መቀደድ ሊደርስ፣ ቸኩሎ የዋጠውም ሊያንቀው ይችላል። የልጁ ሆድ ከተነፋ ወይም ከዚህ በፊት አስመልሶ የማያውቅ ልጅ ካስመለሰ «ይሻለዋል» ተብሎ ሳይጠበቅ ወዲያውኑ ወደ ሐኪም መወሰድ አለበት።

አያትን እጇን ሰብስባ እንድትቀመጥ ብቻ መጠየቅ ግን ጭካኔ ይሆናል፤ ፍቅሯን የምትገልጽበት ሌላ መንገድ ይሰጣት። የተለካውን መክሰስ በሰዓቱ የምትሰጠው እሷ ትሁን። ብዙዎቹ እነዚህ ልጆች የተቆራረጠ ሥዕል መገጣጠም በጣም ይወዳሉ፤ ችሎታቸውም ትልልቁን ሰው ያስገርማል፤ ስለዚህ እንግዳ ከብስኩት ይልቅ ፓዝል ይዞ ይምጣ። በክርስትና፣ በሠርግና በለቅሶ ቤት ደግሞ «ሁላችንም እናየዋለን» ማለት ማንም አያየውም ማለት ስለሆነ፣ ገና ከቤት ሳይወጣ «ዛሬ ከስድስት እስከ ሰባት ሰዓት ልጁ በአባቱ እጅ ነው፣ ከዚያ በአክስቱ» ተብሎ በስም ይለይ። የቡሄ ዕለት ሙልሙል ከሚሰበስቡ ልጆች ጋር የሚሄድ ልጅ ካለዎት አብሮት የሚሄድ ትልቅ ሰው ይኑር፤ የተሰበሰበውም ዳቦ ለማን እንደሚሰጥ ልጁ ከመውጣቱ በፊት ይወቅ።

ሰው ፊት የሚነሳበትን ቁጣ እንዴት ልቻለው?

ቁጣው ብዙ ጊዜ የሚነሳው የለመደው ሥርዓት ሲቀየርበት ነው፤ መነሻው ምግብ ብቻ አይደለም። በሰባት ሰዓት ይመጣል የተባለው ታክሲ በሰባት ተኩል ሲመጣ ለእኛ መዘግየት ነው፤ ለእሱ ግን ዓለሙ ይገለበጣል። አንዱን ጥያቄ ሃያ ጊዜ መጠየቁም ከዚሁ የመጣ ስለሆነ፣ መልሱን አንድ ጊዜ በቃል፣ ከዚያ ደግሞ በሥዕል ወይም በጽሑፍ ግድግዳ ላይ ማሳየት የእናትን ጉሮሮ ያሳርፋል። ቁጣው ከተነሳ በኋላ መምከርም መቅጣትም ዋጋ የለውም፤ ድምፅን ዝቅ አድርጎ፣ ቃላትን አሳጥሮ፣ ሰው ወደማይበዛበት ቦታ ወስዶ እስኪበርድ መጠበቅ ነው። በምግብ ማባበል ለአምስት ደቂቃ ይሠራል፤ ለሚቀጥሉት ዓመታት ግን ቁጣን የምግብ ቁልፍ ያደርገዋል።

ወላጅን የሚያቆስለው የልጁ ጩኸት ብቻ ሳይሆን «ሥርዓት አላስተማሩትም» የሚለው የሰው ዓይን ነው። ለማያውቁት ሰው ሁሉ ማብራሪያ የመስጠት ግዴታ የለብዎትም። እኔ «ሕመም አለበት፣ ትንሽ ቦታ ይስጡን» ከማለት አላልፍም፤ የቀረው ጉልበቴ ለልጄ ነው።

ጾምና ጸበልስ?

ጾምን በተመለከተ የንስሐ አባትዎን ወይም የሃይማኖት አስተማሪዎን ልጁን ከሚከታተለው ሐኪም ምክር ጋር ያነጋግሩ፤ በክርስትናም ሆነ በእስልምና ሕመምተኛ ከጾም ግዴታ ነፃ የሚሆንበት ሥርዓት አለ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ማቆየት ለዚህ ልጅ ክብደት መቀነሻ ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን የምግብ ሰዓቱን እርግጠኝነት ስለሚያፈርስበት ቀኑን ሙሉ ያናውጠዋል። ከጾሙ ይልቅ የሚያሰጋው የፍስኩ ቀን ነው፤ የፋሲካ ሌሊትና ኢድ ዶሮውም ክትፎውም ጣፋጩም ክፍት የሚሆኑበት ጊዜ ስለሆነ ድርሻው አስቀድሞ ተለክቶ ይነገረው።

እምነት ለብዙዎቻችን ትልቁ የመጽናኛ ምንጭ ስለሆነ ጸበል አይሂዱ አልልም። ሁለት ነገር ግን ይጠንቀቁ። የመጀመሪያው መድኃኒት አለማቋረጥ ነው፤ ሟቹ ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ስለ ጸረ-ኤች.አይ.ቪ. መድኃኒት ሲናገሩ መድኃኒትና ጸበል አብረው ሊወሰዱ እንደሚችሉ በአደባባይ ገልጸዋል። ሁለተኛው የውኃው መጠን ነው። በርከት ያለ ውኃ ጠጥቶ ማስመለስ በጸበል ቦታ የተለመደ ሲሆን፣ ይህ ልጅ ግን በቀላሉ ማስመለስ አይችልም፤ ከልክ ያለፈ ውኃም በደሙ ውስጥ ያለውን የጨው መጠን አውርዶ ለከባድ አደጋ ሊዳርገው ይችላል። ይረጭ፣ ይጠመቅ፤ የሚጠጣው በትንሽ ኩባያ ይሁን።

ከባለቤቴ ጋር በልጁ ምክንያት እንጣላለን። የሌሎቹ ልጆች ነገርስ?

በብዙ ቤት አንዱ «ጥብቅ» ሌላው «ደግ» ይሆናል። ቀኑን ሙሉ የከለከለችው እናት ክፉ ትባላለች፤ ማታ ሙዝ ይዞ የሚገባው አባት ይወደዳል። ይህ ልጁንም ይጎዳል፤ ከሁለት አንዱ ሊሸነፍ እንደሚችል ካወቀ ተስፋ አይቆርጥምና። መፍትሔው ልጁ በማይሰማበት ሰዓት ሁለታችሁ አንድ ደንብ ተስማምታችሁ ወረቀት ላይ መጻፍ፣ የሌሊት ጥበቃንም መከፋፈል ነው። ሳምንቱን ሙሉ አንድ ሰው ብቻ ከነቃ ጠቡ ከፍቅር ማነስ ሳይሆን ከእንቅልፍ ማጣት የመጣ ሊሆን ይችላል።

ወንድሞችና እህቶች ብዙ ጊዜ ዝም ይላሉ፤ ዝምታቸውን ግን እንደ መስማማት አይውሰዱት። በራሳቸው ቤት ተደብቀው ብስኩት የሚበሉ ልጆች ናቸው። በሳምንት አንድ ጊዜ ከአንድ ወላጅ ጋር ብቻቸውን ወጥተው የፈለጉትን የሚበሉበት ሰዓት ይኑራቸው፤ የወንድማቸው ጠባቂ ፖሊስም አታድርጓቸው።

ጭንቀቴ ወደ ሕመም መለወጡን በምን አውቃለሁ?

እኛ ዘንድ ጭንቀት በስሙ አይጠራም፤ ራስ ምታት፣ ጨጓራ፣ የወገብ ሕመም ወይም «ሆድ ባሰኝ» ሆኖ ይመጣል፤ በወንዶች ላይ ደግሞ መጠጥ፣ ጫት ወይም ከቤት መራቅ ሆኖ ይታያል። ከሁለት ሳምንት በላይ በየዕለቱ ማለት ይቻላል ሐዘን ከተጫነዎት፣ ደስ ይልዎት የነበረው ነገር ሁሉ ካስጠላዎት፣ ልጁ ተኝቶም እርስዎ መተኛት ካልቻሉ፣ ያለ ምክንያት ከተናደዱ ወይም ሥራ መሥራት ካቃተዎት ድካም ብቻ ላይሆን ስለሚችል ሐኪም ያማክሩ። ድባቴና ከልክ ያለፈ ጭንቀት በምክርም በመድኃኒትም ይታከማሉ።

ራስን ወይም ልጁን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣ ግን ዛሬውኑ ለሰው ይናገሩ። አሜሪካ ያለ ሰው 988 ላይ በማንኛውም ሰዓት መደወል ይችላል፤ አዲስ አበባ ያለ ደግሞ ወደ አማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ወይም በቅርብ ወደሚገኝ የድንገተኛ ክፍል መሄድ ይችላል።

አንዳንድ ጊዜ «ባይወለድ ኖሮ» እላለሁ። ክፉ እናት ነኝ?

ይህን ጥያቄ ማንም በሰው ፊት አይጠይቅም፤ ስልኩ ሊዘጋ ሲል ነው በሹክሹክታ የሚመጣው። አይደሉም። ይህ ሐሳብ የሚመጣው ልጁን በመጥላት ሳይሆን፣ ይወለዳል ብለው የጠበቁት ልጅ ሐዘን ሳይወጣልዎት የተወለደውን መንከባከብ ስለነበረብዎት ነው። ለሞተ ሰው ድንኳን ተተክሎ፣ ዕድርተኛ ተሰብስቦ፣ አርባና ሰማንያ ወጥቶ ይለቀሳል፤ ሐኪም የምርመራ ውጤት የነገራት እናት ግን ወዲያው ተነሥታ ወተት ትለካለች። ያልተለቀሰ ሐዘን ጊዜ ጠብቆ ይመጣል፤ በልደት ቀን፣ የእኩዮቹ ልጆች ትምህርት ቤት ሲገቡ፣ ሲመረቁ።

ሐሳቡን በውስጥ ከመያዝ ይልቅ ምስጢር ለሚጠብቅ ሰው፣ ለአማካሪ ወይም በዚህ መንገድ ላለፈ ሌላ ወላጅ መናገር ያቀለዋል። «እግዜር የሚችል ትከሻ አይቶ ነው የሰጠሽ» የሚሉትን ሰዎች ቅንነት አልጠራጠርም፤ ለደከመች እናት ግን ይህ አባባል ማልቀሷን እንደ ክህደት ስለሚያስቆጥርባት እኔ አልወደውም።

እርዳታ የት ይገኛል?

በአሜሪካ ለሚኖሩ፦ ከልደት እስከ ሦስት ዓመት የቅድመ ጣልቃ ገብነት አገልግሎት፣ ከሦስት ዓመት በኋላ ደግሞ በትምህርት ቤት በኩል አይ.ኢ.ፒ. የሚባል የግል የትምህርት ዕቅድ የልጅዎ ሕጋዊ መብት ነው። በዕቅዱ ውስጥ የምግብ ጥበቃ በግልጽ ይጻፍ፤ የክፍል ልደት ኬክ፣ በከረሜላ መሸለም፣ በምሳ ሰዓት ሳህን መለዋወጥ ሁሉ እዚያ ይገባሉ። ወላጅ የሚያርፍበት ምትክ ተንከባካቢ ብዙ ጊዜ የሚገኘው በየክፍለ ግዛቱ ባለው የሜዲኬይድ (የመንግሥት የጤና ሽፋን) ልዩ ፕሮግራም ሲሆን፣ ተራው ዓመታት ሊፈጅ ስለሚችል ዛሬ ባያስፈልግዎትም ዛሬ ይመዝገቡ። የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበሉ ሆስፒታሎች በነፃ አስተርጓሚ የማቅረብ ግዴታ አለባቸው። የአሥር ዓመት ሴት ልጅ ስለ ወንድሟ ሕመም ለእናቷ ስታስተረጉም አይቻለሁ፤ ይህ መሆን የለበትም።

በእስራኤል ኢየሩሳሌም ውስጥ በሻዓሬ ጼዴቅ የሕክምና ማዕከል ለዚህ ሕመም የተለየ ክሊኒክ አለ። በኢትዮጵያ ለሚኖሩ ደግሞ ዓለም አቀፉ የፕራደር-ዊሊ ሲንድሮም ድርጅት ምርመራው በማይገኝባቸው አገሮች ላሉ ቤተሰቦች በሐኪማቸው በኩል ነፃ ምርመራ ስለሚያመቻች፣ የሕፃናት ሐኪምዎ ለድርጅቱ እንዲጽፍ መጠየቅ ይችላሉ። የዓለም ጤና ድርጅት ያዘጋጀው የእድገት ችግር ያለባቸው ልጆች ተንከባካቢዎች ሥልጠናም በኢትዮጵያ ተሞክሯል፤ ለፕራደር-ዊሊ ብቻ የተዘጋጀ ባይሆንም ስለ ቁጣና ስለ ወላጅ ራስ እንክብካቤ ያለው ክፍል ይጠቅማል። እናት ዓረብ አገር ሠርታ አያት በምታሳድግበት ቤት ሥልጠናው የሚያስፈልገው ለአያት ነው፤ እናትም በስልክ «ምን በላ?» ከማለት ይልቅ «አንቺስ ተኛሽ?» ብላ ብትጀምር የቤቱ አየር ይለወጣል።

መድኃኒት የለውም?

ሕመሙን የሚያጠፋ መድኃኒት የለም። የእድገት ሆርሞን መርፌ በአሜሪካ ለዚህ ሕመም የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ2000 ሲሆን፣ ቁመትን፣ የጡንቻን ብዛትና ጥንካሬን ያሻሽላል፤ ረሃቡን ግን አያስታግስም። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2025 ደግሞ ቫይካት ኤክስ.አር. በሚል ስም የሚሸጠው ዳያዞክሳይድ ኮሊን ዕድሜያቸው አራት ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆነ ልጆችና አዋቂዎች ለማይጠግበው ረሃብ በአሜሪካ ተፈቅዷል። ለዚህ ረሃብ የተፈቀደ የመጀመሪያው መድኃኒት ነው። የደም ስኳር መጨመር፣ የሰውነት ማበጥና የፀጉር መብዛት ሊያስከትል ስለሚችል ክትትል ይፈልጋል፤ ቁልፉንም አያስጥልም። «ከውጭ አገር መድኃኒት መጥቶልሻል» ብለው የሚደውሉልን ዘመዶች ይህን ቢያውቁልን ጥሩ ነው፤ ተስፋም ሲበዛ አንድ ሌላ ጭንቀት ነው።

እኔ ከሞትኩ በኋላ ማን ይጠብቀዋል?

ሌሊት ከሚያነቁን ጥያቄዎች ሁሉ የመጨረሻው ይህ ነው። ክብደታቸው ተጠብቆ ያደጉ ልጆች ለረጅም ዕድሜ ሊኖሩ ስለሚችሉ ጥያቄው ተገቢ ነው፤ አንድ አዋቂ ሰው ብልህና ተናጋሪ ቢሆንም እንኳ ምግብን በራሱ መቆጣጠር ስለማይችል ብቻውን መኖር በአብዛኛው አይሆንለትም። በአሜሪካና በእስራኤል ለዚህ ሕመም የተዘጋጁ፣ ወጥ ቤታቸው የሚቆለፍ የጋራ መኖሪያዎች አሉ። አሜሪካ ያሉ ወላጆች ልጃቸው 18 ዓመት ከመሙላቱ በፊት ስለ ሕጋዊ ሞግዚትነት እንዲሁም ልጁ የመንግሥት ድጋፍ ሳይቋረጥበት ገንዘብ ስለሚቀመጥበት መንገድ የሕግ ባለሙያ ያማክሩ።

እንደዚህ ያለ መኖሪያ በሌለበት አገር መልሱ ዘመድ ነው፤ ነገር ግን «እህቱ አለች» ብሎ መዝጋት አይቻልም። እህቱ ተጠይቃ ነበር? ባሏስ ያውቃል? ልጁን የሚረከበው ሰው ከአሁኑ በወር አንድ ቅዳሜና እሑድ ይውሰደው፤ ልጁም ያንን ቤት፣ ያንን አልጋና የዚያን ቤት የምግብ ሰዓት ይልመድ። እኔ አንድ ደብተር አዘጋጅቻለሁ። የሚበላው መጠን በየትኛው ኩባያ እንደሚለካ፣ ሲናደድ ምን እንደሚያበርደው፣ ምን ቢያይ ወዲያው ሐኪም ቤት እንደሚወሰድ፣ ስንት ጊዜ «ነገ ምን ቀን ነው?» እንደሚልና ምን እንደሚመለስለት ጽፌበታለሁ። አንዱ ቅጂ ከቁልፎቹ ጋር እኔ ዘንድ፣ ሌላው ታናሽ እህቴ ቤት ነው። እሷም ባለፈው ወር በራሷ እጅ አንድ ገጽ ጨምራበታለች።